ሰማንያ ሦስት ቁጥር

ጥቅምት 4

ዝናብ ሲወርድ ዋለ። ሚኒባሱ ፔንዲክ መታጠፊያው ላይ አርባ ደቂቃ ገተረን። ቢሮ ስደርስ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ሰሊጥ ያለባትን ቀለበት ዳቦዬን፣ ሲሚቴን፣ ደግሞ አንዱ በልቶልኛል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰማንያ ሦስት ቁጥር ዛሬም ወፈረች። ገና አንድ ላሜራ አልተቆረጠላትም፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለች መርከብ ናት፣ ግን በየሳምንቱ ትወፍራለች! የኔ ሥራ ክብደቷን መቆጣጠር ነው። ቱቦው፣ ቀለሙ፣ ፍራሹ፣ የወጥ ቤቱ ድስት ሳይቀር ዝርዝሬ ውስጥ ኪሎ አለው። ስም እስኪወጣላት ድረስ በመርከብ መሥሪያ ግቢያችን ተራ ቁጥር ነው የምንጠራት። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ተወካይ ሻምበል ኦርኩን በመጡ ቁጥር አንድ ነገር ሳያስጨምሩ አይሄዱም። ዛሬ ደግሞ የነፍስ አድን ጀልባዋ በአንድ ሜትር ትርዘም አሉ።

"ሻምበል፣ መርከቧ እኮ የገበያ ዘንቢል አይደለችም።"

"ወይዘሮ ሃንዳን፣ እርስዎም እንደ ሥጋ ሻጭ በሚዛን አያስጨንቁን።"

ጨመርኩላቸው። ሌላ ቦታ እቀንሳለሁ… የት እንደሆነ እንጃ።

እቤት ስገባ እማማ ሙዜየን ቴሌቪዥኑ ፊት ናቸው። አማቴ ናቸው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው።

"ልጄ ደወለ?"

"አልደወለም እማማ።"

"አንቺም ባል አገባሁ ብለሽ! ፖስታ ቤት ነው ያገባሽው።"

የገዛ ልጃቸውን እኮ ነው የሚያሙት። ባሌ ቬዳት ከባሕር ላይ ከደወለ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ።

ጥቅምት 9

ደወለ! መርከባቸው ሲንጋፖር ልትገባ ስትል ኔትወርክ አግኝቶ። አራት ደቂቃ ከምናምን። ድምፁ ጎርነን ብሏል… ጉንፋን ይሆን? ስጠይቀው "የሞተሩ ጩኸት ነው" አለ። ሁልጊዜ የሞተሩ ጩኸት ነው።

"በሚያዝያ እመጣለሁ፣ ሃንዲዬ።"

"ለስንት ጊዜ?"

"ለሁልጊዜ። ይኼ የመጨረሻው ውል ነው።"

"ባለፈውም የመጨረሻው ነበር።"

"ያኛው ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው።"

ሳቅኩ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ሆድ ባሰኝ። ከተጋባን ሃያ አንድ ዓመት… ቁጭ ብዬ ሳሰላው አብረን የኖርነው ስድስት ዓመት አይሞላም። ልጅም አልሆነልንም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሌ እቤቱ እንዲኖር። ማክሰኞም ረቡዕም ሐሙስም። ብዙ ነው?

ኅዳር 3

የመጀመሪያው ላሜራ ተቆረጠ። ሙክት ታረደ። ደንቡ ነው፤ ሳይታረድ ብረት የሚቆርጥ ሠራተኛ እዚህ ቱዝላ አይገኝም። ሻምበል ኦርኩን የማሽኑን ቁልፍ ተጫኑ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፣ አጨበጨብን።

የበያጆቹ አለቃ ዱርሱን ኡስታ፣ ባለሙያ ስለሆኑ ነው ኡስታ የምንላቸው፣ የጥቁር ባሕር ዳር ሰው ናቸው። ብረት ሲበይዱ አርባ ዓመታቸው። ጣታቸውን ደም አስነክተው መጡና ሳላስበው ግንባሬን ቀቡኝ።

"ኧረ ዱርሱን ኡስታ! ስብሰባ አለብኝ እኮ!"

"ስብሰባው የትም አይሄድ። ምን ተመኘሽ?"

"መርከቧ እንዳትከብድ።"

"ውሸታም" አሉኝ።

ግንባሬን ሳልጠርግ ነው ስብሰባ የገባሁት።

ታኅሣሥ 18

ተያዝኩ! የዋናው መሐንዲስ ክፍል ውስጥ አልጋውን ሁለት ሜትር ከአሥር አድርጌዋለሁ። ቬዳት ረጅም ነው። በየመርከቡ ሃያ ዓመት ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ነው የተኛው። መብራቱንም በግራ በኩል… ግራኝ ስለሆነ። ደግሞ እሱ እዚህች መርከብ ላይ አንድ ቀን አይሠራም፤ ይኼን አውቃለሁ። እጄ ነው የሳለው።

ሻምበል ኦርኩን ስዕሉን ገልጠው አፈጠጡበት።

"የዋናው መሐንዲስ አልጋ ከአዛዡ አልጋ ለምን ረዘመ?"

"መሐንዲሶች… ረጃጅም ናቸው።"

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሻምበሉ ግን አልሳቁም። ስዕሉን ዘጉና ዝግ ባለ ድምፅ "ባለቤትዎ ምን ላይ ነው የሚሠሩት?" አሉኝ። ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ አልኳቸው።

"ይቆይ አልጋው።"

አሥራ አራት ኪሎ።

ጥር 7

ቬዳት አምና በስልክ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። "ሰዎች ውሃ ላይ አየን" አለኝ። "የኛ መርከብ ከውሃው አሥራ ሁለት ሜትር ከፍ ይላል። ገመድ ጣልንላቸው። ገመድ ለመያዝ እኮ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ሃንዲዬ…" ከዚያ ወዲህ አንሥቶት አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም። ስልክ ላይ እንዴት ብዬ?

ዛሬ የሰማንያ ሦስት ቁጥርን የጎን በር ከፍታ መወሰን ነበረብን፤ ሰው ከውሃ የሚወጣበትን። ደንቡ የሚፈቅደው አለ፣ ሻምበሉ የሚፈልጉት አለ። እኔ ጠረጴዛ ላይ በሆዴ ተኛሁና ክንዴን ወደ ታች ዘረጋሁ። "ለኩኝ" አልኳቸው። የቢሮው ልጆች መሣቅ ጀመሩ። ሻምበል ኦርኩን ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቤ በሆዳቸው ተኙ፣ ከነዩኒፎርማቸው። ሁለታችንም ተለካን። ከክንዳችን ርዝመት ላይ ማዕበሉን ቀነስን… ስልሳ ሴንቲ ሜትር። በሩ እዚያ ላይ ሆነ። ከዚያ በላይ ቢሆን ሰው እጅ ለእጅ መያዝ አይቻልም።

ቬዳት ይኼን ቢያይ!

የካቲት 22

በረዶ። ምንም የለም። ናፈቀኝ።

ሚያዝያ 8

መጣ! ከስቷል። ጺሙ ውስጥ ነጭ በዝቷል። እማማ ሙዜየን አንገቱ ላይ ተጠምጥመው ሲያበቁ "ጺምህን ተላጭ፣ አባትህን መሰልክ" ብለው ገፈተሩት። ሦስታችንም ኩሽና ውስጥ ቆመን በላን፣ ለመቀመጥ ማን ትዕግሥት ነበረው።

አሁን ሶፋው ላይ ተኝቷል። ያንኮራፋል። እሰይ።

ሚያዝያ 10

ሻንጣውን አልፈታም። ሸሚዝ ሲፈልግ ከፍቶ ያወጣል፣ መልሶ ይዘጋል። ደክሞት ይሆናል…

ሚያዝያ 11

አልደከመውም። ኮሪያ ውስጥ አዲስ መርከብ ተሠርታ ልትወጣ ነው፣ ዋና መሐንዲስ እሱ ሊሆን ነው። "ዘጠኝ ወር ብቻ" አለ። ሳህን እያጠብኩ ነበር።

"ለሁልጊዜ ብለኸኝ ነበር እኮ።"

"እንዲህ ዓይነት መርከብ በሕይወት ዘመን አንዴ ነው የሚገኘው፣ ሃንዲዬ።"

"እኔስ? እኔ ስንቴ ነው የምገኘው?"

ሳህኑን አንሥቶ ማድረቅ ጀመረ። ያንን አንድ ሳህን አሥር ደቂቃ አደረቀው።

ሚያዝያ 17

ሄደ። አውሮፕላን ማረፊያ አልሸኘሁትም። ሥራ አለብኝ አልኩ። ሥራ አልነበረብኝም። የቢሮው ሽንት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ ማለት ይቻላል።

ሰኔ 14

ከሁለት ወር በላይ አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ? ይደውላል፣ "ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ" እንባባላለን። እማማ ሙዜየን ስልኩን ይነጥቁኝና እኔን ወክለው ይሰድቡታል።

ሰማንያ ሦስት ቁጥር ግን አካል አወጣች። ቁርጥራጯን አንድ በአንድ በክሬን እያነሡ ይገጥሟታል። ዛሬ አፍንጫዋ መጣ። ሲገጥም በመሐሉ አራት ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀረ። ዱርሱን ኡስታ ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱና "የጠዋት ፀሐይ ነው፤ አንዱ ጎኗ ሞቆ ተለጥጧል። ከሰዓት በኋላ ራሷ ትገባለች" አሉ። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ኮምፒውተር ላይ ተደፉ። እሳቸው ጥላ ሥር ሻይ ጠጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጠመች።

ሻያቸውን አካፈሉኝ።

"ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው?"

"እንጃለት።"

"ተቀይመሽዋል።"

"እርስዎስ? ባለቤትዎ አገር ቤት፣ እርስዎ እዚህ።"

"እኔና እሷ በሰላም የኖርነው በመሐላችን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ስላለ ነው" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። "እህቴ፣ ሚስቴ ባለፈው ጥርሷን ስትነቀል እኔ እዚህ ነበርኩ። ጥርስ እኮ ነው፣ ምን አላት? ግን ስንተኛው ጥርሷ እንደሆነ አላውቅም። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።"

መስከረም 20

ውሃ ነካች። ብዙ መርከብ ሲወርድ አይቻለሁ፣ ይቺ ግን ሌላ ናት። ያ ሁሉ ብረት ሸርተት ብሎ ገባና… ቀለል ብላ ቆመች። አለቀስኩ። ሻምበል ኦርኩን መሐረብ ሰጡኝ፣ ደግሞ እሳቸውም ፈልገውት ነበር።

ከዚያ በትንሽ ጀልባ ዞሬ የውሃ ልኳን አየሁ። ካሰላሁት በሁለት ሴንቲ ጠልቃለች። ሁለት ሴንቲ ማለት አሥር ቶን ገደማ ነው! ከየት መጣ?

ፎቶዋን ለቬዳት ላክሁለት። ከሦስት ቀን በኋላ የሚያየው ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 28

የሁለቱ ሴንቲ ነገር ተገኘ። አብዛኛው መወጣጫ ብረትና የተረሳ ዕቃ ነው። የቀረውን ግን… ከሞተር ክፍሉ ኋላ ያለውን ባዶ ክፍል ስከፍት ሻይ ቤት ነው! አግዳሚ ወንበር፣ ምድጃ፣ ሁለት ማሰሮ፣ አንድ ጆንያ ስኳር፣ ግድግዳው ላይ የነዱርሱን ኡስታ አገር፣ የትራብዞን፣ እግር ኳስ ቡድን ባንዲራ። ፍሪጅ ሳይቀር!

"ዱርሱን ኡስታ! ፍሪጅ በየት በኩል ገባ? በሩ እኮ ከፍሪጁ ይጠባል!"

"ግድግዳው ሳይበየድ ነው ያስገባነው።"

"እና በምን ይወጣል?"

ጭንቅላታቸውን አከኩ። አርባ ዓመት ብረት ሲበይዱ የኖሩ ሰው! ፍሪጁ በመጋዝ ተቆርጦ ወጣ። ከቬዳት መሄድ ወዲህ እንደዚህ ስቄ አላውቅም።

ጥር 12

የማዘንበል ሙከራው ቀረ። ሎዶስ ተነሣ፣ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ። ሁለተኛ መቅረቱ ነው። እስካሁን በወረቀት ያሰላሁት ሁሉ እውነት ይሁን ውሸት የሚታወቀው በዚህ ሙከራ ነው፤ ክብደቷ የት ከፍታ ላይ እንደተቀመጠ፣ ማዕበል ገፍቶ ቢያጋድማት ቀጥ ብላ ትነሣ እንደሆነ። ካልተሳካ ሻምበሉ አይረከቡም። እንቅልፍ አጣሁ።

የቬዳት ዘጠኝ ወር እያለቀ ነው። "ትንሽ ሥራ ይቀረኛል" ይላል። እኔም መቼ ነው ማለት ተውኩ።

ጥር 19

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ነፋስ የለም፣ ውሃው ዘይት መስሏል። ገመዶቹ ላላ ተደረጉ፣ መሰላሉ ተነሣ፣ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። መርከቧ ላይ የቀረነው አሥራ አንድ ሰው ነን። ሁላችንም ተመዝነናል፣ የምንቆምበት ቦታ በጠመኔ ተከቧል። ክሬኑ የብረት ጡቦቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያዛውራል፤ መርከቧ ትንሽ ታዘነብላለች፤ ታች ሆዷ ውስጥ የተንጠለጠለው ቱምቢ ስንት እንደሄደ በማስመሪያ ይነበባል። አንባቢው ዱርሱን ኡስታ። እኔ የመርከቧ ወለል መሐል ላይ፣ ክቤ ውስጥ፣ ሬዲዮ ይዤ። ጡቡ ከቆመ በኋላ ማንም አይንቀሳቀስም። እኔ ነኝ ይኼን ጠዋት ለሁሉም ያስጠነቀቅኩት። "አንድ ሰው እግሩን ቢያነሣ ቱምቢው ይነግረኛል" ብዬ ፎከርኩ።

አራት ንባብ በሰላም አለፈ። አምስተኛው ላይ ዱርሱን ኡስታ በሬዲዮ መቁጠር እንደጀመሩ ወደ ወደቡ ዞር አልኩ።

ቬዳት።

ሻንጣውን ይዞ፣ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ፣ መሰላሉ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ቆሟል። ለማንም አልነገረም። እንዴት በሩን አለፈ? እንጃ። ምን እንዳደረግኩ አላውቅም… የማውቀው እጄ የመርከቧን አጥር እንደያዘ ነው።

ሬዲዮው ጮኸ።

"ኸረ! ኸረ! ሁለት ሚሊ ሄደ! መርከቧ ላይ የተንቀሳቀሰ ሰው አለ!"

ሁሉም የየራሱን ክብ አየ። ከዚያ እኔን አየ። የኔ ክብ ባዶ ነው።

"ማን ነው?" አሉ ሻምበል ኦርኩን ከአፍንጫዋ በኩል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ስልሳ አራት ኪሎ፣ አምስት ሜትር ወደ ቀኝ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ሻምበሉ ወደ ወደቡ አዩ፣ ሻንጣውን አዩ። "አምስተኛው ንባብ ይደገም" አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ወደ ክቤ ተመለስኩ። ገና ከባድ ሥራ ነበረን፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መሰላሉን ማውረድ አይቻልም። ቬዳት የባሕር ሰው ነው፣ ነገሩ ገባው። ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቁጭ አለና ሲጋራውን ለኮሰ። አሥር ሜትር አይሞላም በመሐላችን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተያየን። እኔ መናገር አልችልም፣ እሱ መጮህ አልፈለገም። አንዴ ሻንጣውን አንሥቶ አሳየኝና መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በእግሩ ራቅ አድርጎ ገፋው። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

እንደዚያ ናፍቄው አላውቅም። ሲንጋፖር እያለ እንኳን።

ሙከራው ተሳካ። ክብደቷ የተቀመጠበት ከፍታ ካሰላሁት በሦስት ሴንቲ ብቻ ነው የተለየው። እስካሁን አልተደሰትኩበትም፣ ነገ እደሰታለሁ።

ጥር 20

ሻንጣው ተፈታ። አልጋው ሥር ገባ። እማማ ሙዜየን ከላዩ የክረምት ብርድ ልብስ ጫኑበት፣ "እንዳይወጣ" ብለው።

የካቲት 9

አለ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ አለ። ፍሪጁን ሦስት ጊዜ ፈታው፣ ሦስቴም ገጠመው፤ ፍሪጁ ግን አልተበላሸም ነበር። አሥር ሰዓት ንጋት ላይ ይነሣል፣ የተረኛነት ሰዓቱ ነበረች። ቅመሞቼን በቁመት ደረደራቸው። ጨው አጣሁ። ተጣላን። ስለ ጨው መጣላት እንዴት ደስ ይላል!

የካቲት 27

መስኮቱ ላይ ይቆማል። ከሥራ ስመለስ ከታች ሆኜ አየዋለሁ፤ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ባሕሩ ያያል። ቀና ብዬ እጄን ሳወዛውዝለት እንኳን ቶሎ አያየኝም። ባሕሩ ናፍቆታል። ምን ጥያቄ አለው። በግድ ያሰርኩት መሰለኝ…

መጋቢት 18

ከባሕር ሙከራ ተመለስን። ሦስት ቀን ማርማራ ላይ። ሃያ ሁለት ዓመት መርከብ ስስል ኖሬ መርከብ ላይ አድሬ አላውቅም ነበር ብል ማን ያምናል? ሙሉ ፍጥነት ሲሰጧት ወለሉ ከእግሬ ሥር ተነሣ። በማዕበል አዘነበለች… አዘነበለች… እና ተመለሰች። እኔ ያሰላሁት መመለስ! ግማሹ ሰው ባልዲ ታቅፎ ነበር። እኔ ሁለት ሳህን ምስር ሾርባ በላሁ። ሻምበል ኦርኩን ፊታቸው አረንጓዴ ሆኖ "እርስዎ ሰው ነዎት?" አሉኝ።

ከሁሉ የሚገርመው ሦስቱን ቀን ቤቴ አልናፈቀኝም። ይኼን ለቬዳት አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 2

የዋስትና መሐንዲሳችን ሥራ ለቀቀ፣ ውጭ አገር አገኘ። የመጀመሪያውን ዓመት ከመርከቧ ጋር ሆኖ ብልሽቷን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል፤ መቀመጫው መርሲን ወደብ። ወዲያው ቬዳትን አሰብኩ። ከእሱ የተሻለ ማን አለ? ባሕሩንም ያገኛል። ልቤ እየተቆረጠ ነገርኩት።

"አልፈልግም" አለ።

"ለኔ ብለህ ነው? መስኮቱ ላይ ቆመህ ባሕሩን ስታይ አይሃለሁ እኮ።"

"የቱን ባሕር?"

"ቬዳት፣ በየማታው!"

እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ። "ባሕሩን አይደለም። መንገዱን ነው። ሚኒባስሽ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ አላውቅም፤ አንዴ ከላይ ነው፣ አንዴ ከታች። ሁሌ ትሸውጂኛለሽ።" ከዚያ ሳቅ አለ። "መጠበቅ እንዲህ ከባድ ነው እንዴ፣ ሃንዲዬ? አንቺ እንዴት ቻልሽው?"

ኩሽና ገብቼ ውሃውን ከፈትኩት፣ እንዳይሰማኝ።

ሚያዝያ 9

እውነቱን ልጻፍ። ያ ሥራ ሲነገረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ቬዳትን አልነበረም። ራሴን ነበር። አንዲት ሰከንድ። ከዚያ አፈርኩና በእሱ ስም ሸፈንኩት።

መሄድ እፈልጋለሁ። ሃያ አንድ ዓመት የለመንኩት ሰው በመጣ በሦስተኛው ወር! ቂም ነው? ትንሽ ይኖርበታል፣ አልዋሽም። ግን ቂም ብቻ ቢሆን ሌሊት ሌሊት የሞተሯን ድምፅ በሕልሜ አልሰማም ነበር።

ሚያዝያ 12

ነገርኩት። ቁርስ ላይ፣ ወይራ ፍሬ እየበላ።

"ስንት ወር?"

"አንድ ዓመት። በየሁለት ወሩ እመጣለሁ።"

ፍሬዋን ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጣት።

"የመጨረሻው ውል ነው?" አለኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ። እማማ ሙዜየን ከሳሎን "ማን ሞተ?" ብለው ጮኹ።

ግንቦት 25

ተረከቧት። ባንዲራ ተሰቀለ፣ ስም ወጣላት። ዱርሱን ኡስታ አዲሱን ስሟን ሊጠሩት አልቻሉም፣ ለሳቸው ሰማንያ ሦስት ቁጥር ናት።

ከቤት ስወጣ እማማ ሙዜየን በረንዳ ላይ ጣሳ ውሃ ይዘው ቆመዋል። ሰው ሲሄድ ከኋላው ውሃ ይደፋለታል፣ መንገዱ እንዲቀናው፣ እንዲመለስ። ሃያ አንድ ዓመት ለቬዳት ሲደፉ ኖረው እጃቸው ለምዷል መሰለኝ፣ ሻንጣዬን ታክሲ ላይ የሚጭነውን ቬዳትን አናቱ ላይ አለበሱት። "እማዬ! እኔ እኮ አይደለሁም የምሄደው!" ውሃው ከጺሙ ይንጠባጠባል። ጣሳው ውስጥ የቀረችውን ውሃ እሱ ራሱ ተቀበላቸውና ከታክሲው ኋላ ደፋ። በመስተዋት አየሁት። መታጠፊያው ጋ እስክንደርስ አልገባም።

ሐምሌ 16

ከመርሲን ደቡብ። ሦስት ቀን ኔትወርክ አልነበረንም። ሁለተኛው ጄኔሬተር አስቸግሮኝ፣ ከዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሞተሩ ጠፍቶበት ስንጎትተው፣ ከዚያ እንቅልፍ። ዛሬ ከሰዓት ወደ ባሕር ዳር ጠጋ ስንል ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንዘረዘረ። ዘጠኝ መልእክት። ሁሉም የቬዳት።

"ድልሁ የት ነው ያለው?"

"አገኘሁት።"

"እናቴ ክኒኗን አልውጥም ብላ ተጣላን። ታረቅን።"

"ዛሬ ለሦስት ሰው ሩዝ ቀቀልኩ። ተሳስቼ።"

እንዲህ እንዲህ እያለ… የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነው። "ደህና ነሽ? ዝም አልሽ እኮ። ሥራው አስረሳሽ መሰለኝ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ይኼን ቃል አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ስጽፈው የኖርኩት። አሥራ አንድ ቀን ሲዘጋኝ፣ ሃያ ቀን ሲዘጋኝ፣ ረስቶኛል እያልኩ ትራሴን ያራስኩት… እነዚህን ሦስት ቀናት ቬዳት ከልቤ የወጣበት ሰዓት የለም። ጄኔሬተሩን ስፈታ እሱ ቢሆን እንዴት ይፈታው ነበር እያልኩ ነው። ሾርባው ሲቀርብ ጨው ይበዛበታል ይል ነበር እያልኩ ነው። አንዲት ቃል ግን አልጻፍኩለትም። ለካ ሰው ሳይረሳም ዝም ይላል! ይኼን ለማወቅ ሃያ አንድ ዓመት… ባውቅ ኖሮ ስንቱን ቀን በሰላም እተኛ ነበር።

"አንድም ቀን አልረሳሁህም" ብዬ ጻፍኩ። በዚሁ ቃል የእሱንም የድሮ ዝምታ ይቅር እንዳልኩት ይገባው ይሆን? ላክሁት። መርከቧ ወደ ውጭ ዞራ ነበር። አልተላከም ይላል።

ደግሜ ሞከርኩ። አልተላከም።

ነገ ጠዋት ባሕር ዳሩ ስንጠጋ እልከዋለሁ። ለዛሬ ይጠብቀኝ።